ቺንጋው ለምን ቶሎ ቶሎ ያልቃል?

ተማሪዎች፣ የሚከተለው ምንባብ አስረጂ ድርሰት ነው። አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚበላሽ በቅደም ተከተል የሚያብራራ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ስታነቡ ምልክት ከምክንያት እንዴት እየተለየ እንደሚሄድ በጥሞና ተከታተሉ።

የጭነት መኪና ሞተር ሥራው ጎማዎችን ማሽከርከር ብቻ አይደለም። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚገፋው ፓምፕ፣ እንደ ሞተሩም ዓይነት መሪውን የሚያቀልለው የዘይት ፓምፕ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ሞተር ነው። ይህን ኃይል ከሞተሩ ዋና ዘንግ ተቀብሎ ለየመሣሪያዎቹ የሚያከፋፍለው ከጎማና ከጠንካራ ክር የተሠራ ጠፍጣፋ ቀበቶ በጋራዥ ቋንቋ «ቺንጋ» ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ጠፍር ወይም ቀበቶ ማለት ነው። ቺንጋው የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች ደግሞ «ፑሊ» ይባላሉ።

ቀደም ባለው ጊዜ አንድ ሞተር ሁለትና ሦስት አጫጭር ቺንጋዎች ነበሩት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አንድ ረጅም ቺንጋ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሁሉንም መሣሪያዎች እንዲያዞር ማድረግ እየተለመደ መጣ። የዚህ ቺንጋ የውስጥ ገጽ ቁመቱን ተከትለው በተሰመሩ ሸንተረሮች የተሞላ ነው። ሸንተረሮቹ በፑሊዎቹ ላይ በተቀረጹት ቦዮች ውስጥ እየገቡ ይይዛሉ። ቺንጋው እንዳይላላ የሚጠብቀው ደግሞ ባለ ሞላ ክንድ ያለው «መወጠሪያ» ነው። ይህ አሠራር ቦታን ይቆጥባል፤ ጥገናንም ያቀልላል። ሆኖም አንድ ጉድለት አለው፤ ይኸውም ቺንጋው ሲበጠስ ሥራ የሚያቆመው አንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በእርሱ የሚዞረው ሁሉ መሆኑ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት በአገራችን መንገዶች ላይ የሚጓዘውን የጭነት መኪና ማሰብ ይበቃል። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ከባሕር ጠለል አጠገብ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የሚያልፈውም የዓባይን ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ይወጣል። ሞተሩ ከባድ ጭነት እየጎተተ ዳገት ሲወጣ ቺንጋው ቢበጠስ የውሃው ፓምፕ ይቆማል፤ ሙቀቱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከልክ ያልፋል። ሹፌሩ ወዲያውኑ ካልቆመ ቴስታታው ሊጣመም፣ ጓርኒሲዮኑም ሊቃጠል ይችላል። እንግዲህ የአንድ ቺንጋ መበጠስ የአንድ ሞተር መጥፋት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በገደል አፋፍ ላይ መሪው በድንገት ሲከብድም አደጋው የንብረት ብቻ አይሆንም።

ቺንጋ እንደ ማንኛውም ጎማ ያረጃል። ነገር ግን ጤናማ በሆነ ሞተር ላይ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያገለግላል። አዲስ የተገጠመ ቺንጋ በጥቂት ሳምንት ወይም በጥቂት ወር ውስጥ ከተተለተለ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የቺንጋው አይደለም። ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የተጎዳውን ዕቃ የጉዳቱ ምንጭ አድርገው በመቁጠራቸው ነው። የተበጠሰውን ጥለው አዲስ ይገጥማሉ፤ አዲሱም እንደ ቀድሞው ይበጠሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ገንዘብ ከማባከን አያልፍም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አሮጌውን ቺንጋ ሳይጥሉ መመርመር ነው። የአለባበሱ ዓይነት ስለ ምክንያቱ ይናገራልና። በአንድ በኩል ጠርዙ ተፈትሎ ክሩ ከወጣ፣ ቺንጋው ጎን ለጎን እየተሳበ በአንድ ፑሊ ጠርዝ ላይ ሲፋቅ መቆየቱን ያመለክታል። ሸንተረሮቹ እንደ መስተዋት ካብለጨለጩና ከደረቁ፣ ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ በሰበቃ ሙቀት ተቃጥሏል ማለት ነው። ጎማው አብጦና ለስልሶ ከተገኘ ዘይት ወይም ሌላ ፈሳሽ ነክቶታል። አንድ ሸንተረር ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተገንጥሎ ከወጣ፣ ቺንጋው ሲገጠም አንድ ቦይ ስቶ እንደ ነበረ ወይም ፑሊዎቹ መስመር እንዳልያዙ መጠርጠር ይገባል። በሸንተረሮቹ መካከል ጠጠር ተሰክቶ ወይም የውስጥ ገጹ ተበስቶ ከታየ ደግሞ ጥፋቱ ከመንገድ የመጣ ባዕድ ነገር ነው።

ምልክቱ ከታወቀ በኋላ ወደ ምክንያቱ መሄድ ይቻላል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛው የፑሊዎች መስመር መሳት ነው። ሁሉም ፑሊዎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሰለፍ አለባቸው። በሁለት ፑሊዎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ የሚፈቀደው ልዩነት ከ1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ አይበልጥም። ይህ ለዓይን የማይታይ ያህል ትንሽ ነው፤ ሞተሩ ግን በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ስለሚዞር ትንሹ ስሕተት ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። መስመር እንዲስት የሚያደርጉትም የተጣመመ መያዣ፣ የላላ ቡሎን፣ ለሌላ ሞተር የተሠራ ፑሊና ያለ ጥንቃቄ የተገጠመ ዲናሞ ናቸው።

ሁለተኛው የውጥረት ጉድለት ነው። የመወጠሪያው ሞላ ሲደክም ቺንጋው ይላላል፤ የላላውም ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተውም ይግላል፤ የጋለውም ያልቃል። መኪናው የሚፈልገውን ሳይሆን ጥቂት የረዘመ ቺንጋ መግጠምም ወደዚሁ ውጤት ያደርሳል።

ሦስተኛው የኩሽኔታ መበላሸት ነው። በየፑሊው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ሲደርቅ ወይም ሲላላ ፑሊው ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ጨርሶ ይያዛል። ቺንጋው በማይዞር ብረት ላይ እየተጎተተ ሲያልፍ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ከዚሁ ጋር የሚመደብ አንድ ስውር ጥፋት አለ። በብዙ ሞተሮች የዋናው ዘንግ ፑሊ ሁለት ብረቶች በመካከላቸው ባለ ጎማ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ያ ጎማ ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ከቦታው ይንሸራተታል፤ ስለዚህም ፑሊው እየተወላገደ ይዞራል።

አራተኛው የፈሳሽ መንጠባጠብ ነው። ከሞተሩ የሚወጣ ዘይት፣ ከመሪው ፓምፕ የሚያፈስ ዘይት ወይም ከራዲያተር የሚያፈተልክ ውሃ በቺንጋው ላይ ከወረደ ጎማውን ይጎዳል፤ መያዣ ኃይሉንም ያሳጣዋል። ፍሳሹ ሳይደፈን አዲስ ቺንጋ መግጠም ፍሬ አይኖረውም።

ፍተሻው የሚጀመረው ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ነው። መካኒኩ ቺንጋውን ካወለቀ በኋላ እያንዳንዱን ፑሊ በእጁ ያዞራል። ጤናማው ፑሊ ያለ ድምፅ ይዞራል፤ የታመመው ይንኳኳል፣ ያጉረመርማል ወይም ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ብረት በፑሊዎቹ ፊት ላይ አጋድሞ መስመራቸውን ይለካል። ከዚያም የመወጠሪያውን ክንድ ገፍቶ በመልቀቅ ሳይንገጫገጭ ወደ ቦታው መመለሱን ያያል። በመጨረሻም ከላይ የሚንጠባጠብ ነገር መኖር አለመኖሩን ይመረምራል።

ሞተሩ ሲነሣ የሚሰማ ድምፅም የራሱ ትርጉም አለው። ልምድ ያለው መካኒክ ከቺንጋው የሚወጣውን ድምፅ ለመለየት በሸንተረሩ በኩል ጥቂት ውሃ ይረጫል። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ የመስመር መሳት፣ ውሃው ሲነካው ከጨመረ ግን የውጥረት ጉድለት መኖሩን ይገምታል። ተማሪዎች፣ ይህ የባለሙያ ሥራ መሆኑን ልብ በሉ። በሚዞር ቺንጋ አጠገብ እጅን፣ ነጠላን ወይም ሹራብን ማስጠጋት ጣትንና ሕይወትን ያሳጣል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሹፌር በአራት ወር ውስጥ ሦስት ቺንጋ ቀየረ እንበል። የመጀመሪያውን «ርካሽ ነበር» ብሎ፣ ሁለተኛውን «አቧራው ነው» ብሎ፣ ሦስተኛውን «ዕድሌ ነው» ብሎ ጣለ። አራተኛውን ከመግጠሙ በፊት ግን አንድ መካኒክ ሦስቱን አሮጌዎች አስፈልጎ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሦስቱም የተፈተሉት በአንድ በኩል ባለው ጠርዛቸው ነው። ቺንጋዎቹ ርካሽ ከነበሩ ወይም አቧራ ከበላቸው ጉዳቱ በዚህ ዓይነት አንድ አይሆንም ነበር። መካኒኩ ቀጥ ያለ ብረት በፑሊዎቹ ላይ ቢያጋድም የዲናሞው ፑሊ ወደ ፊት ወጥቶ ተገኘ። ዲናሞው ቀደም ሲል ተጠግኖ ሲመለስ ሮንዴላ የሚባለው ክብ ቀጭን ብረት በማይገባው ቦታ ገብቶ ነበር። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሮንዴላው ወጥቶ ዲናሞው ወደ መስመሩ ሲመለስ ችግሩ አበቃ።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። የቀድሞዎቹ ቺንጋዎች ሲያረጁ ይሰነጠቁ ነበር፤ በአንድ ሸንተረር ላይ በ7.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ሦስት ስንጥቅ ከታየ የመቀየሪያው ጊዜ እንደ ደረሰ ይቆጠር ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠሩበት የጎማ ዓይነት ግን እምብዛም አይሰነጠቅም፤ እንደ መኪና ጎማ ቀስ በቀስ እየተፋቀ ያልቃል። በመሆኑም ስንጥቅ ስላልታየ ብቻ «ቺንጋው ደኅና ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የሸንተረሮቹን ጥልቀት በተዘጋጀለት መለኪያ መለካት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ቺንጋው ተከሳሽ ሳይሆን ምስክር መሆኑን ነው። ምስክርን ሳይሰሙ ማሰናበት ደግሞ ፍርድን ያጣምማል። ምልክትን ማየት፣ ከምልክቱ ተነሥቶ መጠርጠር፣ ጥርጣሬውን በፍተሻ ማረጋገጥ፣ ከተረጋገጠም በኋላ መጠገን፦ ይህ ቅደም ተከተል ለጋራዥ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እናንተም አስረጂ ድርሰት ስትጽፉ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ከመጠቀማችሁ በፊት ከእርሱ በላይ ያለው ዓረፍተ ነገር በእርግጥ ምክንያት መሆኑን መርምሩ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. አንድ ረጅም ቺንጋ ሁሉንም መሣሪያ ማዞሩ ምን ጥቅምና ምን ጉድለት አለው?
2. የቺንጋው ጠርዝ በአንድ በኩል መፈተል ምንን ያመለክታል?
3. መካኒኩ ሦስቱን አሮጌ ቺንጋዎች ጎን ለጎን የዘረጋው ለምንድን ነው? ሹፌሩ የሰጣቸውን ምክንያቶችስ ውድቅ ያደረገው በምን ማስረጃ ነው?

ለ. «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ይኸውም» እና «ሆኖም» የሚሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ፈልጋችሁ፣ የትኞቹ ምክንያትን ከውጤት ጋር እንደሚያያይዙ ለዩ።

ሐ. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ደጋግሞ የሚበላሽ አንድ ዕቃ ምረጡ። ምልክቱን፣ የጠረጠራችሁትን ምክንያትና ጥርጣሬያችሁን የምታረጋግጡበትን መንገድ በሦስት አንቀጽ አብራሩ።