ባለ ጥለቱ እባብ

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረት የተነገረው ለተንኮለኞች ነው። በመቀሌ ዙሪያ ግን ቃል በቃል ይሠራል። ከከተማዋ በየትኛውም በኩል ቢወጡ ካብ ነው፦ የግቢ ካብ፣ የህድሞ ቤት ግድግዳ፣ ተዳፋቱን እንደ ደረጃ የከፋፈለው እርከን። በካቡ ውስጥ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ እባብ ይመጣል። ከዚያ በትግርኛ «ተመን!» (እባብ!) የሚል ጩኸት፣ ከዚያ ዱላ። ምን ዓይነት ተመን እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

መጠየቅ ነበረበት። በደጋው ከሚኖሩት አንዱን እ.ኤ.አ. በ1854 ዱሜሪልና ቢብሮን የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት በመጽሐፋቸው መዝግበውታል። ያወጡለት የላቲን ስም ባለ ጥብጣብ እንደ ማለት ነው። እኛ ብንሰይመው ባለ ጥለት እንለው ነበር፤ ፈዛዛና ጥቁር መስመሮች ጎን ለጎን ሆነው እስከ ጅራቱ ሲወርዱበት የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ይመስላሉ። መርዝ የለውም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ አገርም የለውም።

በዚያው መጽሐፍ በአቢሲኒያ ስም የተጠራ ሌላ እባብ አለ፤ እንቁላል በላው። ይህን ፍጡር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ከጭንቅላቱ የሚበልጥ የወፍ እንቁላል ፊት ቀርቦ በምላሱ ይመረምራል፤ ከዚያ መንጋጋውን እያሰፋ ቀስ በቀስ ያለብሰዋል። አንገቱ እንደ ኳስ ይነፋል። ከአከርካሪው ወደ ጉሮሮው ብቅ ያሉ አጥንቶች አሉ፤ ሰውነቱን ሲያጥፍ ቅርፊቱን ይሰነጥቁታል። ፈሳሹ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ቅርፊቱ ተጨማድዶ በአፉ ተመልሶ ይተፋል። ጥርስ አለው ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ሲደነግጥ ግን ተጠምዝዞ የቆዳውን ቅርፊቶች እርስ በርስ እያፋተገ እንደ እፉኝት ያፏጫል። ማስመሰሉ ከጭልፊት ያድነው ይሆናል፤ ሰው እጅ ሲወድቅ የሚያስገድለውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ካቡ እንመለስ። የትግራይ ገበሬ በየዓመቱ በነፃ ጉልበቱ የሠራው እርከን አፈሩን ይዞለታል፤ ክልሉም እ.ኤ.አ. በ2017 በመሬት ማገገም ሥራው ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት አግኝቷል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅየም ባልደረቦቻቸው ጋር ባጠኑት መሠረት ግን እርከኑ ቅርብ ለቅርብ በሆነበት ማሳ አይጡም ይበዛል። ድንጋዩ ቤቱ፣ ገብሱ ቀለቡ ሆነለት። ካቡን አፍርሶ አይጥን ማባረር ደግሞ አፈሩን ለጎርፍ መስጠት ነው። እኔ እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ፤ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ አለና። በብዙ የአገራችን ክፍል የሚገኘው ቡናማው የቤት እባብ በፊቱ ግራና ቀኝ ፈዛዛ መስመሮች አሉት። ማታ ወጥቶ ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ አይጥ ያንቃል። ድመት እዚያ አትገባም።

ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች መደበው፤ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይገድላል ይላል። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ ምዕራቡ ቆላ የሚወርድ የደጋ ልጅ ይህን በዓይኑ ያያል፤ በአማራ ክልል አብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከካላዛር ታማሚዎች ጎን የተነደፉትን ሲያክሙ ቆይተዋል። ያን ድንጋጤ ይዞ አገሩ ሲገባ፣ የቆላውን እፉኝት ዕዳ የደጋው ባለ ጥለት ይከፍላል። እርግጥ ደጋውም እፉኝት አያጣም፤ ስለዚህ ያላወቁትን በእጅ አለመንካት ነው። ራቅ ብሎ ማሳለፍ ግን ከመቀጥቀጥ ይቀላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በደብረ ዳሞ ገዳም አገር ነው። አቡነ አረጋዊ በስድስተኛው መቶ ዘመን ያን አምባ የወጡት በዘንዶ ተስበው እንደሆነ ገድላቸው ይናገራል፤ ሥዕላቸውም ያለ ዘንዶው አይሳልም። ዛሬ ወንዶቹ ተሳላሚዎች ገደሉን በጠፍር ገመድ ይወጡታል። ጥቅምት 14 በዓላቸው ነግሦ፣ ጠበል ጠዲቁ ተቀምሶ ወደየቤታቸው ሲበተኑ መንገዱ ግራና ቀኙ ካብ ነው።