ሲርሻ፡- ለመጻፍ የሚያስቸግረው፣ ለመጥራት የሚቀለው የአየርላንዳውያን ስም

"ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይላሉ አበው። በአየርላንድ ለሴት ልጃቸው ስም የሚመርጡ ወላጆች ግን ከስሙ ትርጉም ባሻገር መዝጋቢው እንዴት እንደሚጽፈው፣ መምህሩ እንዴት እንደሚጠራው፣ ልጅቷ ወደ ውጭ አገር ብትሄድ ደግሞ ምን እንደሚገጥማት አስቀድመው ለማሰብ የሚገደዱበት ጊዜ አለ። ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ ካስነሱት ስሞች አንዱ "ሲርሻ" ነው።

ሲርሻ በአየርላንድ ነባር ቋንቋ በአይሪሽ "ነጻነት" ማለት ነው። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ በአየርላንድ ለሴት ልጆች ከሚመረጡ ስሞች ተርታ ተሰልፏል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኤስ፣ ኤ፣ ኦ፣ አይ፣ አር፣ ኤስ እና ኢ የተባሉ ሰባት ፊደላትን ይይዛል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ፊደላት እንዳሉ ቢያነባቸው ከትክክለኛው አጠራር እጅግ የራቀ ድምፅ ያወጣል። በዚህም ምክንያት ስለ ስሙ የሚሰጠው አስተያየት ለሁለት ተከፍሎ ቆይቷል። አንዱ ወገን ስሙን ውብና ትርጉም ያለው ነው ሲል፣ ሌላው ወገን ለልጅ የዕድሜ ልክ ሸክም ነው ይላል።

ከአገር ነጻነት ጋር የተወለደ ስም

ከበርካታ የአየርላንድ ስሞች በተለየ ሁኔታ ሲርሻ ጥንታዊ የሰው ስም አይደለም። ብሪጂድ የተሰኘው ስም ከአገሪቱ ጠባቂ ቅድስት፣ ኒቭ የተሰኘው ደግሞ ከጥንታዊ አፈ ታሪክ የተወረሱ ናቸው። ሲርሻ ግን የቅድስትም ሆነ የንግሥት ስም ሆኖ አያውቅም። ከተራ የቋንቋው ቃልነት ወደ ሰው መጠሪያነት የተሸጋገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ አየርላንዳውያን ከብሪታንያ አገዛዝ ለመላቀቅ ካደረጉት ትግል ጋር ተያይዞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1916 በደብሊን ከተማ የተካሄደውን የፋሲካ አመፅና ቀጥሎ የመጣውን የነጻነት ጦርነት ተከትሎ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1922 የአየርላንድ ነጻ መንግሥት ተመሠረተ። የዚህ መንግሥት ይፋዊ የአይሪሽ መጠሪያ "ነጻ" የሚለውን ቃል የያዘ ሲሆን፣ ሲርሻ የሚለው ስምም የተገኘው ከዚሁ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የፊልም ባለሙያው ጆርጅ ሞሪሰን የዚያን ዘመን ታሪክ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ርዕሱን "ሲርሻ?" ብሎታል። በርዕሱ መጨረሻ ላይ የሰፈረው የጥያቄ ምልክት ቃሉ ለአየርላንዳውያን ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ያመለክታል።

ስሙ ከአየርላንድ ውጭ በስፋት የታወቀው ግን በአንዲት ተዋናይት አማካይነት ነው። ሲርሻ ሮናን እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ከተማ ከአየርላንዳውያን ወላጆች ተወልዳ በአየርላንድ ያደገች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 "አቶንመንት" በተሰኘው ፊልም ባሳየችው ብቃት ገና በልጅነቷ ለኦስካር ሽልማት ታጭታለች። ከዚያም "ብሩክሊን"፣ "ሌዲ በርድ" እና "ሊትል ዊመን" በተሰኙት ፊልሞች ለዚሁ ሽልማት ለመታጨት በቅታለች። ዝናዋ በጨመረ ቁጥር የስሟ አጠራር የጋዜጠኞች ቋሚ ጥያቄ ሆነ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 "ሳተርዴይ ናይት ላይቭ" የተሰኘውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ስትመራም መክፈቻውን ያደረገችው ስለ ስሟ አጠራር በቀረበ አስቂኝ ዜማ ነበር። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በየዓመቱ በሚያወጣው የ1 ሺህ ተመራጭ የሴት ልጆች ስሞች ዝርዝር ውስጥ ሲርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

የሁለት ወገን አስተያየት

ስሙን የሚወዱ ወላጆች በቅድሚያ የሚያነሱት ትርጉሙን ነው። ለሴት ልጅ ከነጻነት የበለጠ ምኞት ሊኖር አይችልም የሚል እምነት አላቸው። ድምፁ ለስላሳና ለጆሮ የሚስማማ መሆኑንም ያክላሉ። ከዚህም በላይ ሲርሻ የሚለውን ስም ለልጅ መስጠት ለዘመናት ሲገፋ ለኖረው ቋንቋ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ማበርከት ነው ብለው የሚያምኑ ጥቂቶች አይደሉም።

ስሙን የሚተቹት ደግሞ ሸክሙ የሚያርፈው በወላጆች ሳይሆን በልጅቷ ላይ መሆኑን ያሳስባሉ። በትምህርት ቤት፣ በሕክምና ተቋም፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በሥራ ቅጥር ጊዜ ስሟን ፊደል በፊደል ለመቁጠርና አጠራሩን ለማረም ትገደዳለች ይላሉ። ይህ አስተያየት በተለይ ልጆቻቸውን ከአየርላንድ ውጭ በሚያሳድጉ ወላጆች ዘንድ ይደመጣል።

በአየርላንድ ውስጥም ቢሆን ስለ አጠራሩ ፍጹም ስምምነት የለም። "ሲርሻ" የሚሉ እንዳሉ ሁሉ "ሰርሻ" እና "ሴርሻ" የሚሉም አሉ። ተዋናይቱ ራሷ የምትጠቀመው "ሰርሻ" የሚለውን ነው። የቋንቋው ተናጋሪዎች "ሲርሻ" የሚለውን ቢመርጡም፣ ትክክለኛው አጠራር የስሙ ባለቤት የመረጠችው ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው።

የራሱ ሥርዓት ያለው አጻጻፍ

በስሙ ላይ ከሚቀርቡት ወቀሳዎች ዋነኛው "አጻጻፉ ሥርዓት የለውም" የሚለው ነው። ይሁን እንጂ የአይሪሽ አጻጻፍ በመደበኛ ደንብ የሚመራ ነው። አይሪሽ እና እንግሊዝኛ የሚጋሩት የላቲንን ፊደል እንጂ የአነባበብ ሥርዓትን አይደለም።

በአይሪሽ እያንዳንዱ ተነባቢ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው። ተነባቢው የትኛውን ድምፅ እንደሚይዝ የሚያመለክቱት አጠገቡ ያሉት አናባቢዎች ናቸው። ኤስ የተባለው ፊደል ከኤ፣ ከኦ ወይም ከዩ አጠገብ ሲሆን "ስ" ይባላል፤ ከአይ ወይም ከኢ አጠገብ ሲሆን ደግሞ እንደ ደንቡ "ሽ" ይሆናል። ሲርሻ በሚለው ስም የመጀመሪያው ኤስ ኤ ስለሚከተለው "ስ"፣ ሁለተኛው ኢ ስለሚከተለው "ሽ" ይሆናል። በመካከል ያሉት ኤ፣ ኦ እና አይ የተባሉት ሦስት ፊደላት ደግሞ በአንድነት ረዘም ያለ የ"ኢ" ድምፅ ይሰጣሉ።

ይኸው ደንብ በሌሎች ስሞችም ላይ ይሠራል። ኢፋ የተሰኘው የሴት ስም የሚጀምረው በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ሲሆን የሚሰጡትም ድምፅ ያው "ኢ" ነው። ሺቮን እና ሺኔድ የተሰኙት ስሞች በኤስ ጀምረው "ሽ" ተብለው የሚነበቡት ከኤስ ቀጥሎ አይ የተባለው አናባቢ ስላለ ነው። ሺቮን በሚለው ስም ውስጥ ቢ እና ኤች፣ ኒቭ በሚለው ውስጥ ደግሞ ኤም እና ኤች ተጣምረው "ቭ" ይሆናሉ። በቀድሞው የአይሪሽ ፊደል ይህ ለውጥ የሚታየው በተነባቢው ራስ ላይ በሚቀመጥ ነጥብ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቋንቋው ወደ ተለመደው የላቲን ኅትመት ሲዛወር ነጥቡ ቀርቶ ኤች ተተካ። በዚህም የተነሳ ቃላቱ ረዘሙ፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢም ይበልጥ እንግዳ ሆኑ።

ስም ያስቀጣበት ዘመን

አስተያየቱ በአየርላንዳውያን ዘንድ ስሜት የሚነካበት ምክንያት በታሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1366 የወጣው የኪልኬኒ ድንጋጌ በአየርላንድ የሰፈሩ እንግሊዛውያን የእንግሊዝ ስም እንዲይዙና እንግሊዝኛ እንዲናገሩ ያዝዝ ነበር። በኋለኞቹ ዘመናት የእንግሊዝ አገዛዝ መላውን ደሴት ሲያዳርስ የአየርላንዳውያን ስሞች በመዝገብ ላይ በእንግሊዝኛ ስሞች መተካታቸው የተለመደ ሆነ። ግሮንያ የምትባል ሴት "ግሬስ"፣ ሺቮን የምትባለውም "ጆን" ወይም "ጆአና" እየተባለች ትመዘገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 የተቋቋሙት ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ማስተማራቸውና እ.ኤ.አ. በ1845 የጀመረው ታላቁ ረሃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድሎ ከዚያ የሚልቁትን ለስደት መዳረጉ ለቋንቋው መዳከም ከባድ ምክንያቶች ሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1905 በደብሊን የታየ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ለዚህ አብነት ይሆናል። በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ የዶኒጎል ነዋሪ የነበረ ኒል ማክብራይድ የተባለ ገጣሚ በጋሪው ላይ ስሙን በአይሪሽ ፊደል በመጻፉ ምክንያት በገንዘብ ተቀጣ። በወቅቱ የነበረው ሕግ የጋሪ ባለቤት ስሙን በሚነበብ ጽሑፍ እንዲጽፍ ያዝዝ ስለነበር፣ በአይሪሽ የተጻፈው "የማይነበብ" ተብሎ መቆጠሩ ነው። በይግባኙ ጠበቃ ሆኖ የቀረበው ፓትሪክ ፒርስ ሲሆን፣ በክርክሩ ቢሸነፍም ጉዳዩ የቋንቋው ተቆርቋሪዎች መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል። ፒርስ ከ11 ዓመታት በኋላ የፋሲካውን አመፅ ከመሩት አንዱ በመሆኑ በብሪታንያ ጦር ተረሽኗል።

ከነጻነት በኋላ የቋንቋው ሕጋዊ አቋም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. የ1937ቱ ሕገ መንግሥት አይሪሽን የመጀመሪያ የሥራ ቋንቋ ያደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋም ሆኗል። በአገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 1 ነጥብ 87 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አይሪሽ መናገር እንደሚችሉ ገልጸዋል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየዕለቱ የሚናገሩት ግን 72 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ቋንቋውን በየዕለቱ የማይናገረው ብዙኃኑ ሕዝብ ከቋንቋው ጋር ያለውን ትስስር ከሚገልጽባቸው መንገዶች አንዱ የልጆቹ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአየርላንድ ለተወለዱ ሴት ልጆች ከሁሉም በላይ የተመረጠው ስም "ፊያ" የተሰኘው የአይሪሽ ስም መሆኑም ይህንኑ ያጠናክራል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የጸደቀው የሥራ ቋንቋዎች ሕግ ማሻሻያም የመንግሥት አካላት የዜጎችን የአይሪሽ ስም ከነአናባቢ ማስረዘሚያ ምልክቱ እንዲቀበሉ የሚያስገድድ ድንጋጌ ይዟል።

ከድንበር ባሻገር

በሰሜን አየርላንድ ስሙ ሌላ ገጽታ አለው። "ሲርሻ" የሚለው ቃል ለበርካታ ዓመታት በአየርላንድ አንድነት ደጋፊዎች መፈክርና በግድግዳ ሥዕሎች ላይ ሲጻፍ በመኖሩ፣ ከብሪታንያ ጋር መቆየትን የሚደግፉ ወገኖች ስሙን ከፖለቲካ ነጥለው ለማየት ሊቸገሩ ይችላሉ። በአንጻሩ ለልጆቻቸው ስሙን የሚመርጡ ብዙ ወላጆች ለጆሮ የሚጥም ስም ከመምረጥ ያለፈ ዓላማ የላቸውም።

ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የአየርላንድ የዘር ሐረግ እንዳላቸው በሚገልጹባት አሜሪካ ደግሞ ክርክሩ በአጻጻፉ ላይ ያተኩራል። አንዳንድ ወላጆች ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንዲቀል በማሰብ ስሙን እንደሚሰማ አድርገው በእንግሊዝኛ የአጻጻፍ ልማድ ይጽፉታል። ይህ ልጅቷን ከችግር ያድናል የሚሉ ቢኖሩም፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ሰዎች ግን ፊደሉ ከተለወጠ "ነጻነት" የሚለው ቃል ይጠፋል፣ የሚቀረው ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው በማለት ይቃወማሉ።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያንም ባዕድ አይደለም። የሲርሻ አቻ የሆነው "ነጻነት" በኢትዮጵያ የተለመደ መጠሪያ ነው። በላቲን ፊደል በሚሞላ የጉዞ ሰነድ ላይ ግን "ጸ" የተባለውን ድምፅ የሚወክል አንድ ፊደል ባለመኖሩ ስሙ በተለያየ መንገድ ይጻፋል። በውጭ አገር የምትኖር አንዲት ነጻነት ስሟን ደጋግማ ማስረዳት ሊኖርባት ይችላል። አንድ ትርጉም የተሸከሙት ሁለቱ ስሞች በሰው አገር የሚገጥማቸው ፈተናም አንድ ነው። የሚገርመው ነገር፣ በላቲን ሰባት ፊደላት የሚጠይቀው ሲርሻ በአማርኛ ሲጻፍ ሦስት ፊደላት ብቻ የሚበቁት መሆኑ ነው።

በአጠቃላይ ስለ ሲርሻ የሚሰጠው አስተያየት ከአንድ ስም ውበት ወይም ክብደት በላይ የሆነ ጥያቄ ያዘለ ነው። አንድ ስም ለእንግዳ ሲያስቸግር መለወጥ ያለበት ስሙ ነው ወይስ የእንግዳው ንባብ? ለሚለው ጥያቄ ሁሉን የሚያስማማ ምላሽ አልተገኘም። የጋሪው ባለቤት በስሙ ከተቀጣ ከመቶ ዓመታት በኋላ ግን አየርላንዳውያን ወላጆች ይህን ስም በፊደሉ እንዳለ መዝገብ ላይ ማስፈራቸውን ቀጥለዋል። አጠራሩን ለመማር ደግሞ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል።