የሸክላ ምስል እንዴት ይለሰልሳል?

የሸክላ ምስል ያለ ቀለም የሚያበራው እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ።

ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ቢታሽ ጠጠሩ ላይ ይጣበቃል፤ ፈጽሞ ከደረቀም ይጫጫራል። ስለዚህ እንደ ቆዳ ጠንከር ሲል በለስላሳ የወንዝ ጠጠር ደጋግሞ ማሸት ይገባል። ያን ጊዜ ሻካራው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ደቃቁም አፈር በላዩ ተስተካክሎ ይተኛና ብርሃን ይመልሳል። ነገር ግን የእሳቱ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካለፈ ወዙ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆኖም በጐንደር አጠገብ በወለቃ በሸክላ ምስል የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ቡዳ እየተባሉ ብዙ ዘመን ተንቀዋል። በጀበናዋ ቡና እየጠጡ ሠሪዋን መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? እኔ ግን ባለ እጅ ሁሉ መምህር ነው እላለሁ።