ሞተሩ ያላወጣው ጉልበት

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ከሰበታ መጥቶ ሱሉልታ ከእኛ ሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ዋለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው እያለከለከ አጠገቤ ተቀመጠና፣ በላያችን የሚያልፈውን አውሮፕላን እያየ «ጋሼ፣ ሲነሳ ያለውን ኃይል ሁሉ ነው አይደል የሚያወጣው?» አለኝ። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናስበው። ብዙ ጊዜ ግን አያወጣም።

ጄት ሞተር አየር ስቦ ወደ ኋላ እየወረወረ ነው የሚገፋው። ቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሞተሩ ግፊትም አብሮ ይቀንሳል። ክንፉም በሳሳ አየር ለመነሳት የበለጠ መፍጠን አለበት። 3,800 ሜትር ማኮብኮቢያ እዚያ ቅንጦት አይደለም።

አብራሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ክብደቱን፣ ነፋሱን፣ ሙቀቱንና የማኮብኮቢያውን ርዝመት ያሰላሉ። ሙሉው ግፊት የማያስፈልግ ከሆነ ለኮምፒውተሩ ከእውነተኛው የበለጠ ሙቀት ይነግሩታል። ውጭው 18 ዲግሪ ሆኖ 45 ያስገባሉ እንበል። ሞተሩ በሙቀት ጊዜ የሚሰጠው ግፊት ስለሚያንስ በዚያው ልክ ቀንሶ ይሠራል። በዚህ ዘዴ መቀነስ የሚፈቀደው እስከ 25 በመቶ ነው፤ ማኮብኮቢያው ላይ ውሃ ከተኛ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። ጥቅሙ ተርባይኑ ላይ ነው፤ ሙቀቱ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል።

እባካችሁ ይህን ቁጠባ እንደ ቸልተኝነት አትዩት። ስሌቱ አንዱ ሞተር በክፉ ሰዓት ቢጠፋ እንኳ የቀረው አውሮፕላኑን ማንሳት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያም በላይ ካስፈለገ የሞተሩን እጀታ ወደፊት መግፋት ነው፤ ያልወጣው ጉልበት እዚያው አለ።

ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር በኪው 400 አውሮፕላን የበረራችሁ የመጠባበቂያ ኃይል ጥሩ ምሳሌ በሆነው ተሳፍራችኋል። በርግጥ እሱ ባለ ውልብልቢት ነው። በመደበኛ አነሳሱ ከከፍተኛው ኃይል 90 በመቶውን ይጠቀማል፤ አንዱ ሞተር ከደከመ ሌላው የአብራሪውን እጅ ሳይጠብቅ ራሱ ወደ ሙሉው ይወጣል። አንዳንድ ትንንሽ ጄቶችም ይህ አላቸው።

የቦሌ ከፍታ ችግር የሚሆንብን ረጅሙ መንገድ ላይ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ከቦሌ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ መነሳት ስለሚከብደው ደብሊን ወይም ሎሜ አርፎ ሲቀዳ ኖሯል። ሲመለስ ግን ዱለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ስለማይርቅ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። የነፋሱም እጅ አለበት፣ ዋናው ግን ከፍታው ነው። መንገድ ላይ ስንቆም የምንማረር ሁሉ ይህን ብናውቅ ደስ ይለኛል።

ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ለልጁ ይህን ስነግረው «400 ሜትር ምን አላት?» አለኝ። ከሰበታ መጥቶ እዚህ ያስለከለከችው ያችው 400 ሜትር ገደማ እንደሆነች ነገርኩት።