እንግጫ፦ ከጨፌ ተነቅሎ ለደመራ የሚሰጥ ጌጥ

ጳጉሜ ሲገባደድ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ካለው ከጣራ ገዳም ደን ዳር ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ የፎገራ ሜዳ ገና ከክረምቱ አልወጣም። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ያጠገቡት መሬት ወደ ጣና እስኪደርስ ውኃ እንዳዘለ ነው። ተረተሩ ላይ ግን አደይ አበባ መፈንዳት ጀምሯል። ታች ጨፌው የሚያበቅለውን ለምለም እንግጫና ላይ ዳገቱ የሚያፈካውን ቢጫ አበባ ማንም አልዘራቸውም። የአማራ አገር ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚጎነጉኑት ጌጥ የሚሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ልማዱ እንግጫ ነቀላ ይባላል። በይበልጥ የሚታወቀው ከጣና ወዲያ ማዶ፣ በጎጃም ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሰፈሩ ልጃገረዶች ተጠራርተው ወደ መስክ ይወርዳሉ፤ እየዘፈኑ ይነቅላሉ፣ እየዘፈኑ ይመለሳሉ። ጎረምሶችም ከዚያ አይርቁም። ክረምቱን ሙሉ በጭቃና በሥራ ተይዛ የቆየች ልጅ ከእኩዮቿ ጋር ደምቃ የምትታይበት ቀን ስለሆነ፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱም፣ ለወደፊት የሚታሰበውም ያኔ ነው።

እንግጫ ሣር ይመስላል እንጂ ዘመዱ ቄጠማ ነው። እንደ ሣር በማጭድ አይታጨድም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንዱን ዘለላ ከሥሩ አጠገብ ትጨብጣለች፤ ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርጋ ቀጥ ብላ ትስበዋለች። መሬቱ ርሶ ስለከረመ አያስቸግርም፤ ነጩ የታችኛው ክፍል ከነሥሩ ተመዞ ይወጣል። ጭቃው ይራገፍና እፍኝ እፍኙ እየተያያዘ ይታሰራል። የተነቀለው ጤዛ እየጠጣ እንዲያድር ደጅ ላይ ይተዋል፤ ቤት ውስጥ ካደረ ይጠወልጋል፣ የጠወለገ ደግሞ ሲጎነጎን ይበጠሳል።

ጉንጉኑ ከሹሩባ አሠራር የራቀ አይደለም። እንግጫው ሦስት ቦታ ይከፈልና አንዱ በሌላው ላይ እየተላለፈ ይወርዳል፤ በየመሐሉ አደይ ይሰካበታል። እኔን የሚያስደንቀኝ አሰካኩ ነው። አበባው ብዙ ከሆነ አረንጓዴው ይጠፋል፣ ካነሰ ደግሞ ጉንጉኑ ተራ የሣር ገመድ ይሆናል። መጠኑን በቃል የሚያስተምር የለም፤ ታናሿ የታላቋን እጅ እያየች ትለምደዋለች። ክር የለው፣ ሙጫ የለው፣ ቀለም የለው። እንዲህ ያለውን ሥራ የልጆች ጨዋታ ብሎ ማለፍ ዓይንን መንፈግ ነው።

መስከረም 1 ጠዋት ጉንጉኑ ለቤተሰቡ ይደርሳል። አባትና እናት ራስ ላይ ይታሰርላቸዋል፤ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ይባላል፣ ምርቃቱም ይከተላል። ከዚያ የቤቱ ተራ ነው። ምሰሶው ላይ ይታሰራል፤ እንደየቤቱ ልማድ በሩም ጎተራውም ድርሻ አለው። ቤት የሚያቆመውና እህል የሚይዘው አብረው አዲሱን ዓመት ይቀበላሉ።

እዚያው እየደረቀ እስከ መስቀል ይቆያል። አደዩ ይጠቁራል፣ እንግጫው ገለባ ይሆናል፤ ግን ወደ ጉድፍ አይጣልም፣ ከደመራው ጋር ይቃጠላል። አሮጌ ጉንጉን ለዓመት የሚያስቀምጥ ቤት ስለሌለ ሙዚየም ውስጥ ልናገኘው አንችልም። የሚቀረው እጅ ላይ ያለው ዕውቀት ብቻ ነው።

ከዕፅዋት ጌጥ መሥራት በአማራ ክልል የጎጃም ብቻ አይደለም። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚባሉት የነሐሴ በዓላት ላይም ልጃገረዶች ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። እነዚያ በፍልሰታ ጾም ፍቺ፣ እንግጫ በዘመን መለወጫ፤ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ሁሉም አረንጓዴውን ይለብሳሉ።

ዛሬ እንግጫ ነቀላ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በአደባባይ ይከበራል፤ ባህል ቢሮዎችም ያስተዋውቁታል። ደግ ነገር ነው። ነገር ግን መድረክ እንግጫ አያበቅልም። ፎገራን ያየ ይህን ይረዳል። ሩዝ በደርግ ዘመን እዚያ ገብቶ ገበሬውን ጠቅሟል፤ ወረታም ዛሬ የሩዝ ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ነገር ግን ሩዝ የሚወደው እንግጫ የሚወደውን ያንኑ ውኃ ያዘለ መሬት ነው፤ ማሳው በሰፋ መጠን ጨፌና የወል ግጦሽ ይጠባል። ገበሬውን ሩዝ አትዝራ የሚል አፍ የለኝም። ቀበሌው የወል መሬት ሲያካልል ግን የከብቶቹ ባለቤቶች ብቻ ሳይሆኑ ልጃገረዶቹም ይጠየቁ፤ የቱ ጥግ ላይ ምን ያህል እንግጫ እንደሚበቅል ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።