ከጋዜጣ ወደ ወንጀል ልብ ወለድ፣ ከመጽሐፍ ወደ መድረክ፤ የክላፋሙ ግራሃም ግሪንና የእኛው በዓሉ ግርማ

ከደቡብ ለንደን ሰፈሮች አንዱ የሆነውን ክላፋምን የሚያውቅ ሰው በመካከሉ የተንጣለለውን ሰፊ የሣር ሜዳ ሳያውቅ አይቀርም። ከሜዳው በስተ ሰሜን ባለው ጎዳና ላይ በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ የጡብ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ 14 ቁጥር የሆነው፣ ከ1935 እስከ 1940 የእንግሊዛዊው ደራሲ የግራሃም ግሪን መኖሪያ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከስቶክዌልና ከብሪክስተን ወደዚያ የእግር መንገድ በመሆኑ፣ በቤቱ ደጃፍ ሳያስተውሉት የሚያልፉ የአገራችን ልጆች ጥቂቶች እንዳልሆኑ እንገምታለን።

ግሪንን እዚህ የምናነሣው እንግሊዞች ስለ እርሱ የጻፉትን ለመድገም አይደለም። ጋዜጠኛ ሆኖ የጀመረ፣ ወደ ወንጀል ልብ ወለድ የተሻገረ፣ ድርሰቱም ከመጽሐፍ ወጥቶ በመድረክ ላይ የቆመ ሰው በመሆኑ፣ እኛን ሲያስጨንቀን ለኖረ አንድ ጥያቄ ብርሃን ይሰጠናል ብለን ስለምናምን ነው። ጥያቄው ይኽ ነው፤ ደራሲ በዙሪያው ካሉት ሕያዋን ሰዎች ቀድቶ ሲጽፍ፣ ራሱን በመጽሐፉ ውስጥ ያገኘው ሰው ምን ያደርጋል? ምንስ ለማድረግ ይችላል? ይኽን ጥያቄ የሚያነሣ ኢትዮጵያዊ በዓሉ ግርማን ሳያስብ አያልፍም፤ እኛም ወደ እርሱ እንደርሳለን።

ግሪን በ1904 በርክሃምስቴድ በተባለች ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ ታሪክ ካጠና በኋላ በኖቲንግሃም ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ያለ ደመወዝ ሙያውን ተማረ፤ በ1926 ዘ ታይምስ ቀጠረው። የተሰጠው ሥራ ከቦታ ቦታ እየዞሩ ዜና መሰብሰብ ሳይሆን፣ ሌሎች የላኩትን ማረም፣ ማሳጠርና ርእስ ማውጣት ነበር። ይኽ ሥራ ከውጭ ሲታይ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን የትኛው ቃል ቢወጣ ዐረፍተ ነገሩ እንደማይጎድል፣ የትኛው ቢወጣ ግን እንደሚፈርስ ለጸሐፊ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለንም። የመጀመሪያው ልብ ወለዱ በ1929 ታትሞ ስለ ተሸጠለት ጋዜጣውን ለቀቀ። ተከታዮቹ ሁለት መጻሕፍት ወደቁ፤ እርሱም ራሱ ኋላ ዳግመኛ እንዳይታተሙ አደረገ። ከወደቀበት ያነሣው በ1932 የወጣው «የኢስታንቡል ባቡር» የተባለው መጽሐፉ ነው። በባቡሩ ውስጥ አብዮተኛ አለ፣ ወንጀለኛ አለ፣ ዜና አሽትታ የምትከታተል ሴት ጋዜጠኛም አለች። ደራሲው የለቀቀው ሙያ አልለቀቀውም ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የምናስታውሰው ነገር አለ። ግሪን በ1935 መጀመሪያ ወደ ላይቤሪያ ተጉዞ ስለ ጉዞው ሲጽፍ፣ በኦክስፎርድ የዘመኑ ሰው፣ ኋላም ወዳጁ የሆነው ኤቭሊን ዎ በዚያው ዓመት የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ዎ ከዚያ ቆይታው «ስኩፕ» የተባለውን የፌዝ ልብ ወለድ አውጥቷል። ለአገራችን የነበረው ንቀት ለአንባቢዎቻችን አዲስ ባለመሆኑ አንዘገይበትም፤ የምናነሣው በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ከጋዜጣ ወደ ልብ ወለድ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል የተረገጠ እንደ ነበር ለማሳየት ብቻ ነው።

በክላፋሙ ቤት ሳለ ግሪን ካሳተማቸው መጻሕፍት ዋነኛው በ1938 የወጣው «ብራይተን ሮክ» ነው። ስሙ የተወሰደው በባሕር ዳር ከተሞች ከሚሸጥ ድንጋይ የመሰለ ረጅም ከረሜላ ነው፤ የከተማይቱ ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ በውስጡ ስለሚያልፍ የትም ቢሰብሩት ይነበባል። ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ የጋዜጣ ሠራተኛ መገደል ነው። ጋዜጣው ሽያጩን ለማሳደግ ሲል ይኽን ሰው በሐሰተኛ ስም ወደ ባሕር ዳር ይልከዋል፤ አንባቢዎች ለይተው ከያዙት ሽልማት ይሰጣቸዋል። እንዲህ ያለው ጨዋታ በጊዜው በእውነተኞቹ ጋዜጦች የተለመደ ነበር። የወንበዴዎቹም ጠብ ከጋዜጣ የተቀዳ ነው፤ በብራይተን አካባቢ በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳዎች ላይ ከአቋማሪዎች ግብር የሚሰበስቡ ወሮበሎች ነበሩ፣ በ1936ም በሉዊስ የእሽቅድምድም ሜዳ በተነሣው ጠብ ብዙዎቹ ተፈርዶባቸዋል። ግሪን ሥራውን የመርማሪ ታሪክ አድርጎ እንደ ጀመረውና በመካከል ሌላ ነገር እንደ ሆነበት ራሱ ተናግሯል። ይኽ ሌላ ነገር የ17 ዓመቱ ወሮበላ የፒንኪ ነፍስ ጉዳይ ነው። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው እናውቃለን፤ የማናውቀው ምሕረት እስከ የት እንደሚደርስ ነው።

ግሪን ራሱ መጻሕፍቱን ለሁለት ከፍሎ አንዳንዶቹን «መዝናኛ»፣ አንዳንዶቹን «ልብ ወለድ» ይላቸው ነበር። ክፍፍሉ አላዋጣውም፤ በስተእርጅናው ተወው። እኛም በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ሆነን የወንጀልና የስለላ መጻሕፍትን እንንቅ እንደ ነበር መናዘዝ ይገባናል። ጋዜጠኛው ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ እየመለሰ ስፍር ቁጥር የሌለው አንባቢ ሲያፈራ፣ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የምንጽፈው ሰዎች በአንድ መስመር አልፈነዋል። ያ ሁሉ አንባቢ በአውቶቡስ ላይ ምን ይዞ ይጓዝ እንደ ነበር መለስ ብሎ የሚያጠና ቢገኝ መልካም ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «የኢስታንቡል ባቡር» ታትሞ ሊሰራጭ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በዘመኑ ዝነኛ የነበረው ደራሲ ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ እኔን ለማዋረድ የተሣለ ነው ብሎ በስም ማጥፋት እንደሚከስ አስታወቀ። አሳታሚው የታተሙትን ገጾች አስለወጠ፤ ወጪውም ለድሀው ደራሲ ተረፈ። ክላፋም ከገባ በኋላ ደግሞ፣ በ1937፣ «ናይት ኤንድ ዴይ» በተባለ መጽሔት ላይ ስለ ሕፃኗ ተዋናይ ስለ ሸርሊ ቴምፕል ፊልም የጻፈው ሒስ ለፍርድ ቤት አበቃው። መጽሔቱ ፍርዱን ሳያይ ተዘጋ፤ በ1938 ፍርድ ቤቱ 3,500 ፓውንድ ካሣ እንዲከፈል ሲወስን ግሪን ሜክሲኮ ነበር። ከዚያ ጉዞ ነው «ኃይልና ክብር» የተባለውን፣ ብዙዎች ከድርሰቶቹ ሁሉ የሚያስቀድሙትን መጽሐፍ ይዞ የተመለሰው።

የእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ ለጸሐፊ የሚያዝን እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ሀብታሙ ድሀውን የሚያንበረክክበት መሣሪያ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክራቸውም ውሃ የሚያነሣ ነው። ሆኖም ተከፋሁ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ደራሲውም ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ ሊገምት ይችላል። ገጽ ይለወጣል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ማታ ግን ቤቱ ይገባል።

በእርግጥ ከ1940 ጥቅምት በኋላ ግሪን የሚገባበት የክላፋም ቤት አልነበረውም፤ በጀርመን የቦምብ ድብደባ ተመታበት። ሚስቱና ልጆቹ ቀደም ብለው ከከተማ ወጥተው ነበር፤ እርሱም በዚያች ሌሊት ከወዳጁ ዘንድ ስላደረ ተረፈ። በ1951 ያወጣው «የፍቅሩ ፍጻሜ» በዚሁ ሜዳ ዙሪያ የሚፈጸም፣ በዚሁ ጦርነት የተቀመረ ታሪክ ነው። ሥራው የፍቅርና የእምነት ሆኖ ሳለ፣ አፍቃሪው የተወደደችውን ሴት ለመከታተል የግል መርማሪ መቅጠሩን ልብ ይሏል። የወንጀል ልብ ወለድ መሣሪያው በጓዳ ገብቶ ተቀመጠ ማለት ነው።

«ብራይተን ሮክ» ወደ መድረክ የወጣው በጦርነቱ መካከል፣ በ1943፣ በለንደኑ ጋሪክ ቴአትር ነው። ለመድረክ ያቀናበረው ፍራንክ ሃርቪ ሲሆን፣ ፒንኪን ሆኖ የተጫወተው ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረው፣ ኋላ በፊልም አዘጋጅነቱ ዓለም ያወቀው ሪቻርድ አተንቦሮ ነው። ግሪን በዝግጅቱ አልተደሰተም። እኛ ግን የምናስተውለው ከዚህ የሚቀድም ነገር ነው። መጽሐፉ ሲታተም የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ተውኔቱ ግን በመድረክ ከመታየቱ በፊት ሎርድ ቻምበርሊን ለሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ቀርቦ መታለፍ ነበረበት። ይኽ ከ1737 ጀምሮ የጸና የቴአትር ሳንሱር በእንግሊዝ አገር የተሻረው በ1968 ነው። ነጻ ኅትመት አለን ብለው የሚመኩ ሰዎች ከመጽሐፍ ይልቅ መድረክን ለምን ፈሩ? መጽሐፍ የሚነበበው ለብቻ ነው፤ በቴአትር ግን የሚመሳሰለውን ሰው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያውቀዋል፣ በአንድ ጊዜም ይስቅበታል።

ወደ መድረክ ሲሻገር ምን ይጎድላል? ጋዜጠኛው የሰበሰበው የጎዳና ዝርዝር፣ የበዓል ቀን ግፊያ፣ የባሕሩ ሽታ አብዛኛው በደጅ ይቀራል። የሚገባው ንግግርና ፍርሃት ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው መጨረሻው ነው። በልብ ወለዱ ፒንኪ ለሚስቱ ለሮዝ ድምፁን በሸክላ ይቀርጽላታል፤ የቀረጸው ቃል ጥላቻ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፣ እርሷ ግን የፍቅር ቃል መስሏት ልትሰማው ወደ ቤት ስትሄድ መጽሐፉ ያበቃል። ለአንባቢ ይኽ ይበቃዋል፤ ሸክላውን በዐይኑ ላየ ተመልካች ግን አይበቃውም፣ ይሰማል ወይስ አይሰማም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ1947ቱ ፊልም፣ ግሪን ራሱ ከቴረንስ ራቲጋን ጋር በጻፈው፣ ሸክላው ተጭሮ የፍቅሩ ቃል ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከዚያ ወዲህም በ2004 በሙዚቃዊ ቴአትር፣ በ2018 ደግሞ ብራዮኒ ላቨሪ ባቀናበረችው ተውኔት መድረክ ላይ ወጥቷል፤ እያንዳንዱ አቀናባሪ ከዚያ ሸክላ ጋር መፋጠጥ ነበረበት። «ኃይልና ክብር»ም በ1956 በፒተር ብሩክ አዘጋጅነት፣ በፖል ስኮፊልድ ተዋናይነት ታይቷል። ግሪን ግን በቀጥታ ለመድረክ መጻፉንም ሞክሯል፤ በ1953 በለንደን የታየው «ዘ ሊቪንግ ሩም» መልካም አቀባበል አግኝቶ ነበር።

የእኛ ቴአትር መንገዱ ሌላ ነው። ከተክለ ሐዋርያት «የአውሬዎች ኮመዲያ» ጀምሮ እስከ መንግሥቱ ለማና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ድረስ በዋናነት የቆመው ለመድረክ ተብሎ በተጻፈ ድርሰት ላይ ነው። ልብ ወለድ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሕዝብ ዘንድ የደረሰው ይበልጡን በሬዲዮ ነው፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የሰማ ሰው ያን ድምፅ ከመጽሐፉ ለይቶ ማንበብ ይሳነዋል።

በዓሉ ግርማም እንደ ግሪን ከጋዜጣ የመጣ ሰው ነው። በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አጥንቶ፣ መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መርቶ፣ በደርግ ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ደረሰ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚተርክ ሲሆን፣ ተራኪው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ራሱ ጋዜጠኛ ነው። ሰላይ አለው፣ ሤራ አለው፣ ግድያና ፍቅር አለው፤ አፈጣጠኑም ለኅትመት የሚሮጥ ዜና ነው። ከወንጀልና ከስለላ ልብ ወለድ ተርታ ብናስቀምጠው እንደምንም ዝቅ እንደማናደርገው ከግሪን ተምረናል። በዓሉ በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያያቸውን ሹማምንት ስማቸውን ለውጦ ጻፋቸው። አንባቢም ወዲያው አወቃቸው፤ ሹማምንቱም ራሳቸውን አወቁ። እዚህ ላይ ከሳሽ አልቀረበም፣ ገጽ ለውጥ ያለውም የለም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች።

ፕሪስትሊ ጠበቃ ጠርቶ ያደረገውን ያደረገበት አገርና ይኽ የሆነበት አገር ልዩነታቸው የሥልጣኔ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ልዩነቱ የተከፋው ሹም ከሚሄድበት በር ላይ ነው። ሎርድ ቻምበርሊንም ቢሆን ይቆርጥ የነበረው ወረቀት ነው፤ ቆርጦም ፊርማውን ያኖር ነበር። በበዓሉ ጉዳይ እስከ ዛሬ የፈረመ የለም።

«ኦሮማይ» በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደን ታትሟል፤ አንድ ሰው ከክላፋሙ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ሁለቱን ጋዜጠኞች አጠገብ ለአጠገብ ሊያነብባቸው ይችላል። የአገራችን ጸሐፌ ተውኔት «ኦሮማይ»ን ለመድረክ ሊያቀናብር ቢነሣ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይቆየዋል፤ የስብሰባዎቹ ክርክር፣ የሆቴሉ ጨዋታ፣ የጸጋዬና የፊያሜታ ንግግር ጥቂት ቢነካካ ለተዋናይ አፍ የተዘጋጀ ነው። የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው። ሹማምንቱን የሚጫወቱት ሰዎች ፊታቸው ማንን ይምሰል? ተራኪው ጋዜጠኛ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ ይናገር ወይስ ከሰዎቹ መካከል ይግባ? ከሁሉም በላይ፣ የብራይተኑ አቀናባሪ ሸክላውን ማሰማት አለማሰማቱን መቁረጥ እንደ ነበረበት ሁሉ፣ የእኛውም የየካቲት 6ን ማታ ወደ መድረክ ያስገባው ወይስ በመጽሐፉ መጨረሻ መጋረጃውን ያውርድ የሚለውን መቁረጥ ይኖርበታል። በመጽሐፉ ውስጥ ያ ማታ የለም፤ ተመልካቹ ግን ወደ አዳራሹ የሚገባው እርሱን ይዞ ነው።