የዝምተኛዋ ልጅ ታሪክ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሎሪ ሃልስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ለወጣቶች ያሳተመችው «ስፒክ» (ተናገሪ) የተሰኘ ልብ ወለድ ሜሊንዳ ስለምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይተርካል። ሜሊንዳ በአንድ ግብዣ ላይ ተደፍራ ፖሊስ ትጠራለች፤ ምክንያቱን ያላወቁ ጓደኞቿ ግን ያገሏታል። ከዚያ ወዲህ ከንፈሯን እየነከሰች ዝም ትላለች፤ ውጤቷ ያሽቆለቁላል፤ በትምህርት ቤቱ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ትሸሸጋለች። ወላጆቿ ይህን እልኸኝነት ያደርጉታል። የሥዕል መምህሯ ግን በዕጣ የደረሳትን ዛፍ ዓመቱን ሙሉ እንድትሥል በትዕግሥት ያተጋታል።

በየአጥቢያችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ድንገት የቀረች፣ ስትጠየቅ የማትመልስ ልጅ ብትኖር ለተግሣጽ ባንቸኩል መልካም ነው። የተደፈረች ልጅ በመጨረሻ ስትናገር ብዙ ጊዜ ራሷን ትከሳለች፤ የንስሐ አባቷም የተፈጸመባት በደል እንጂ ንስሐ የምትገባበት ኃጢአት አለመሆኑን በግልጽ ሊነግሯት፣ ከሐኪምም ጋር ሊያገናኟት ይገባል።